የኢምከ እርምጃ

ፍቅር ዕውር ነው ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። ሄኒንግ ብሩንስም ሰምቷል። የእሱ ጣጣ ግን እንጀራው ያለው ዓይኑ ላይ መሆኑ ነው።

ከኦልደንቡርግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ለአካባቢው ፋርማሲዎች መድኃኒት የሚያደርስ የጅምላ አከፋፋይ መጋዘን አለ። ጠዋት ፋርማሲዎቹ በስልክ ያዝዛሉ። ሴቶቹ ሣጥን እየገፉ በመደርደሪያዎቹ መሃል ይመላለሳሉ፤ የልብ ኪኒኑን፣ የዓይን ጠብታውን፣ የሕፃን ሽሮፑን ከየመሳቢያው እየለቀሙ ይሞላሉ። መኪኖቹ ከምሳ በፊት ካልወጡ አንዲት አሮጊት ከሰዓት በኋላ ከፋርማሲው ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሄኒንግን ሐምቡርግ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት የላኩት ይህን መመላለስ እንዲለካ ነው። አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጥላል፣ ክንዱ ላይ የጽሕፈት ሰሌዳ ይደግፋል። የመጋዘኑ ሰው “ባለሰዓቱ” ይለዋል፤ ባለሰዓቱ ሲመጣ ወሬ ይቆማል።

ሰዓት መያዝማ ሕፃንም ይችላል። የሙያው ቁም ነገር ዓይን ነው። ሰው ሲለካ አንዳንዱ ይጣደፋል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ይጎተታል። ስለዚህ ለኪው ሰዓቱን እየያዘ “ይህ ሰው አሁን የሚሠራው በዘወትር አካሄዱ ነው ወይስ እየተጣደፈ?” ብሎ በዓይኑ መፍረድ አለበት። ጥድፊያ ከሆነ ይቀንሳል፣ መጎተት ከሆነ ይጨምራል። ተስተካክሎ የሚቀረው ማንም ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይጎዳ ሊሠራው የሚችለው ልክ ነው፤ እሱም ለሁሉም ኮታ ሆኖ ይወጣል። ሄኒንግ በዚህ ፍርድ ተሳስቶ አያውቅም። የሚጣደፍ ሰው ትከሻው ከፍ ይላል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ መሳቢያ ሲዘጋ ያጋጫል። ሄኒንግ ይህን ሁሉ ያያል።

የማን ሥራ ይለካ የሚለውን አለቆቹ ብቻቸውን አይወስኑም። የሠራተኞቹ ኮሚቴ መስማማት አለበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶርተ ምላሷ የሾለ፣ ተንኮልም የማያንሳት ሴት ናት።

“ኢምከ ፎልከርትስ ትለካ” አለች።

አለቆቹ ምንም አልጠረጠሩም። ኢምከ ከመጋዘኑ ሴቶች ሁሉ ቀርፋፋዋ መሆኗን የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ስንፍና አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው። ስትበላም ስትናገርም ስትራመድም አትቸኩልም። መሳቢያዎቹን ያስተማረቻት ቴዳ ሃርምስ የምትባል የእናቷ እኩያ ሴት ነበረች፤ ኢምከ ወደ ኋላ ስትቀር የመጨረሻ ሣጥኗን ድምፅ ሳታሰማ እየሞላች ከአለቃ ቁጣ ያዳነቻት እሷ ናት።

“እንደ ዘወትርሽ ሁኚ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ” አለቻት ዶርተ። “አንቺ እንደ ዘወትርሽ ከሆንሽልን ሁላችንም እስከ ጡረታችን ተንደላቀቅን ማለት ነው።”

ሴቶቹ ሳቁ። ኢምከም ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀላ። ዶርተ ያላወቀችው ነገር ነበር።

ኢምከና ሄኒንግ ከሰኔ ጀምሮ ይዋደዱ ነበር። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን መደርደሪያዎቹን እንድታሳየው የተመደበችው እሷ ናት፤ ያን ቀን አንድ መሳቢያ ሲከፍት ጣቱን ቆንጥጦት፣ በዚያ ሁሉ መድኃኒት መሃል ቆሞ “ፕላስተር ይኖራችኋል?” ብሎ ጠየቃት። ኢምከ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በሁንተ ወንዝ ዳር በብስክሌት ይሄዳሉ፤ ደክሟቸው አንድ ሻይ ቤት ያርፋሉ፤ ትኩሱ ሻይ ሲቀዳበት ድፍን ስኳሩ ሲሰነጠቅ እያዳመጡ ዝም ብለው ይተያያሉ። በዚያ አገር ሰው የሚዋደደው ብስክሌት ላይ ነው። በእግራቸው አብረው ሄደው አያውቁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

መጋዘን ውስጥ ደግሞ “አቶ ብሩንስ”፣ “ወይዘሪት ፎልከርትስ” እየተባባሉ ይተላለፋሉ። የሄኒንግ አባት ከተማው መሃል ትልቅ ፋርማሲ አላቸው፤ የዚያው መጋዘን ደንበኛ ናቸው። እናቱ ልጃቸው የዶክተር ልጅ ያመጣልኛል ብለው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ሄኒንግ “የማፈቅራትን ሴት አልለካም” ማለት ነበረበት፤ ሕጉም ደንቡም ይኸው ነው። ግን ያን ካለ ወሬው በማግስቱ አባቱ ፋርማሲ ይደርሳል። እናቱን ፈራ።

“መለካቱ ይለቅ” አላት። “ከዚያ በኋላ እቤት እወስድሻለሁ። ቃሌ ነው።”

“እኔ መቸኮል አላውቅም” አለችው እየሳቀች። እውነቷን ነበር፤ እሱ ግን ቀልድ መሰለው።

መስከረም ላይ፣ የመለኪያው ዕለት፣ ኢምከ እንደ ዘወትሯ ለመሆን ቆርጣ ነበር የመጣችው።

“ዝግጁ ነዎት ወይዘሪት ፎልከርትስ?”

“ዝግጁ ነኝ አቶ ብሩንስ።”

አንቱ መባባሉ ሁለቱንም ሊያስቃቸው ደረሰ። ሰዓቱ ጠቅ አለ። የኢምከ እግር ግን አልታዘዝ አላት። ከኋላዋ የእሱ ኮቴ አለ፣ አንገቷ ላይ የእሱ ዓይን አለ። እጇ ከመሳቢያ መሳቢያ በረረ። አልደከማትም፣ አላላባትም፤ እንዲያውም ሳታውቀው ታንጎራጉር ጀመር። የፋርማሲ ባለቤት ልጅ እያያት መጎተት አሳፈራት፤ ደግሞም ሰውነቷ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።

ቴዳ በሚቀጥለው መደርደሪያ በኩል ብቅ ብላ በሹክሹክታ “ምን ነካሽ አንቺ? ቀስ በይ እንጂ” አለቻት።

ኢምከ ፈገግ አለች። በልቧ “እሱ ያውቃል” ትል ነበር። “የምሮጠው ለእሱ መሆኑን ያውቃል። ሥራው አይደል? ይቀንሰዋል።” ይህ በሁለታቸው መሃል ያለ ምስጢር መስሎ ታያት።

ሄኒንግ ትከሻዋን አየ፤ ዝቅ ያለ ነው። ትንፋሿን አዳመጠ፤ የተረጋጋ ነው። መሳቢያውን ስትዘጋ ድምፅ የለውም። ሲያያት ሁልጊዜ እንዲህ ናት። እሱ ባለበት ሁሉ እንዲህ ናት፤ እሱ በሌለበት ምን እንደምትመስል ማን ይንገረው? ትንሽ አመነታ። “ጥድፊያ አለው” ብሎ ቢጽፍ ነገ “ለወዳጁ አደላ” እንዳይባልም ፈራ። “የዘወትር አካሄድ” ብሎ ጻፈ። ያን ማታ ሁለቱም በየቤታቸው ደስ ብሏቸው ተኙ፤ እያንዳንዳቸው ሌላው የገባው መስሏቸው።

ኮታው ሲወጣ ዶርተ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ወደ ኢምከ ዞረች።

“ጎበዝ” አለቻት። “አንቺን መርጬ። ቢላዋውን ለባለሰዓቱ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።”

ኢምከ ሄኒንግን ከሥራ በኋላ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ጠበቀችው።

“አልቀነስከውም” አለችው።

“ምኑን?”

“ምኑን ትለኛለህ? ስሮጥ አላየህም?”

“አልሮጥሽም” አላት ሄኒንግ። የእውነት ግራ ገብቶት ነበር። “አንድ ሰዓት ሙሉ እየተመለከትኩሽ ነበር እኮ። ላብ እንኳ አልነበረብሽም። እንደ ዘወትርሽ ነበርሽ።”

እንደ ዘወትርሽ። እሷ ያን ዕለት የሰጠችው በዓመት አንዴ የማይገኝ ነገር ነበር። እሱ ተቀብሎ፣ ዋጋ አውጥቶበት፣ ለአለቆቹ አስረከበው። ለሃምሳ ሴቶች ግዴታ አደረገው። አውቆ ያደረገው መሰላት፤ ወይም ከዚያ የባሰ፣ ከመጀመሪያውም አይቷት የማያውቅ መሰላት።

“ደህና ይዋሉ አቶ ብሩንስ” አለችው።

“ኢምከ፣ እዚህ ማንም የለም እኮ። አንቺ ነሽ፣ እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለች። “ለዚህ ነው ደህና ይዋሉ ያልኩዎት።”

አንቱታው እንደ በር ተዘጋበት። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ስትሄድ ምን እንዳጠፋ ሊገባው አልቻለም፤ ሥራውን በሐቅ ስለሠራ የተጣላችው መሰለው፣ ቅርም አለው። ከዚያ በኋላ የጻፈላትን ደብዳቤዎች ሳትከፍት መለሰችለት።

ብርዱ ገባ፤ ክረምቱ ክፉ ነበር። ሴቶቹ ለኮታው ስም አወጡለት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ኮታውን መሙላት “አንድ ኢምከ” ተባለ።

“ዛሬስ ስንት ኢምከ ሠራሽ?”

“ግማሽ ኢምከ። ሌላው ግማሽ ወገቤ ላይ ቀርቷል።”

ኢምከ ይህን እየሰማች በመደርደሪያው መሃል ታልፋለች። መሳቢያዎች ይጋጩ ጀመር፣ ጠርሙስ ይሰበር ጀመር፣ ለአንዱ ፋርማሲ የታዘዘው ወደ ሌላው ይሄድ ጀመር። ቴዳ ዳሌዋን ያማታል። ዓይኗን ጨፍናም መሳቢያ የማትስት ሴት፣ እግሯ ኮታውን አልደርስ ስላላት ባዶ ሣጥን ማጠቢያው ክፍል ወሰዷት። እዚያ ቀኑን ሙሉ እርጥበት ላይ ትቆማለች። አንድም ቀን ኢምከን አልወቀሰቻትም። ብትወቅሳት ይቀላት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ኢምከ ራሷ አንድ ኢምከ መሥራት አቃታት። ሄኒንግ ወደ መጋዘኑ መግባት አቁሞ ቢሮው ከተቀመጠ ወዲህ እግሯ ወደ ቀድሞው አካሄዱ ተመለሰ፤ የመጨረሻ ሣጥኗን የምትሞላላት ቴዳም የለችም። የፈረቃው አለቃ አቶ ሉበን ጠራት።

“ወይዘሪት ፎልከርትስ፣ እኔ ነገሩ አልገባኝም። ሌሎቹ እርስዎን አልደረሱም፤ እሺ። እርስዎ እንዴት እርስዎን አይደርሱም?”

“እኔም ይገርመኛል” አለች።

ሄኒንግ ይህን ከአቶ ሉበን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እሱን ለመቅጣት፣ ሥራው ሐሰት እንዲመስል ሆን ብላ የምትጎተት መሰለው። በጣም የጎዳው መጠላቱን ማሰቡ ነበር።

የካቲት ላይ የመሥሪያ ቤቱ የጎመን ጉዞ ደረሰ። በኦልደንቡርግ የጎመን ጉዞ የማይሄድ ሠራተኛ ቢታመም ነው። አረቄ የተጫነ የእጅ ጋሪ ይጎተታል፤ እያንዳንዱ ሰው አንገቱ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ብርጭቆ ያንጠለጥላል፤ በሁለት ቡድን ተከፍለው በገጠሩ መንገድ ላይ የእንጨት ኳስ እየወረወሩ ጥቁር ጎመንና ቋሊማ ወደሚጠብቃቸው መሸታ ቤት ይሄዳሉ። የዚያን ቀን አንቱታ የለም። ዳይሬክተሩም “አንተ” ይባላሉ፤ በነጋታው ሁሉም ረስቶት ወደ አንቱታው ይመለሳል።

ሄኒንግ በሩጫ ሰዓቱ ፋንታ ብርጭቆ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ዶርተ አየችው።

“እዩልኝ፣ ባለሰዓቱ ዛሬ ባለብርጭቆ ሆኗል” አለች። “ስንት መለኪያ እንደምንጠጣም ኮታ አምጥተህ እንዳይሆን ብቻ።”

ሰው ሳቀ። እሱ ዓይኑ ኢምከን ይፈልግ ነበር። ጉዞው ሊጀመር ሲል ጋሪው አጠገብ አገኛት።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አላት። “እኔን ለመቅጣት ነው የምትጎተቺው? ከፈለግሽ እኔን ስደቢኝ። ሥራዬን ግን ለምን ታረክሻለሽ?”

ኢምከ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢያገኝ ይሻለው ነበር፤ ያገኘው ግን ድካም ነው።

“እስከ ዛሬ አልገባዎትም” አለችው።

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ “አንተ” በሚባሉበት ቀን፣ አንቱ የተባለው ሄኒንግ ብቻ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። እሱ ግን ብርዱ ያን ጊዜ ተሰማው።

መንገድ ተጀመረ። ኳሷ በአስፋልቱ ላይ እየተንከባለለች ትሄድና ጠርዝ ስታገኝ ቦዩ ውስጥ ትገባለች። ሄኒንግ ረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ቅርጫት ኳሷን ከውኃ የማውጣት ተራ ደረሰው። ጎንበስ ብሎ ሲያማስል ቴዳ ሃርምስ ዳሌዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች፤ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር።

“ላግዝዎት፣ እጄን ልስጥዎት ወይዘሮ ሃርምስ?”

“አንቺ በለኝ። ዛሬ የጎመን ጉዞ ነው” አለችው። “ቅድም ለኢምከ ያልካትን ሰምቻለሁ። የጋሪው እጀታ እኔ ጋ ነበር።”

ሄኒንግ ማማሰሉን አቆመ።

“ሆን ብላ ትጎተታለች ነው ያልከው?”

“ታዲያ ምን ልበል? በመስከረም በዓይኔ ያየሁት አለ። አሁን የምትሠራው የዚያን ግማሽ ነው።”

ቴዳ ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረውም። “አንተ ልጅ፣ እንዲያው ዓይን አለህ ብለው ነው ከሐምቡርግ የላኩህ? በል ዞር በልና ወደ ኋላ ተመልከት።”

ሄኒንግ ዞረ። ሰልፉ በመንገዱ ላይ ረዝሞ ተዘርግቷል። ፊት ፊት ወጣቶቹ፣ ከዚያ ጋሪው፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ከሁሉም ኋላ፣ በጣም ርቃ፣ ኢምከ ብቻዋን ትመጣለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ትንሽ ትሄድና እርሻው ላይ የሰፈሩትን ቁራዎች ለማየት ቆም ትላለች፤ ደግሞ ትንሽ ትሄዳለች። ዳሌዋን የሚያማት ቴዳ እንኳ ቀድማታለች።

“በየዓመቱ ጎመኑ የሚቀዘቅዘው እሷን ስንጠብቅ ነው” አለች ቴዳ። “መጋዘን ከገባች ጀምሮ የመጨረሻ ሣጥኗን የምሞላላት እኔ ነበርኩ። ዶርተ ለምን እሷን መረጠች መሰለህ? ቀርፋፋ ስለሆነች ነው። እናንተን ልንሸውዳችሁ ነበር።”

“ታዲያ በመስከረም…” አለ ሄኒንግ። አልጨረሰውም።

“በመስከረም አጠገቧ የነበርከው አንተ ነሃ።”

ትዝ አለው፤ ማንጎራጎሯ፣ ዝቅ ያለው ትከሻዋ፣ “እኔ መቸኮል አላውቅም” ያለችው። የሚጣደፍን ሰው በፍርሃቱ ያውቀው ነበር፤ በደስታ የሚጣደፍ ሰው ግን ከዚያ በፊት ገጥሞት አያውቅም። ያን ዕለት ሰዓት ይዞ የለካው ፍቅሯን ነበር። ከዚያም “ይህ ማንም የሚችለው ነው” ብሎ ፈርሞበት፣ በዳሌ ሕመምተኛ ሴት ጀርባ ላይ ጫነው።

“ማጠቢያው ክፍል የገቡት… የገባሽው በእኔ ነው” አላት።

“በዳሌዬም ነው” አለች ቴዳ። “በል ኳሷን አውጣት፣ ሰው ይጠብቃል።”

መሸታ ቤት ውስጥ ጎመኑ ቀረበ፣ ዘፈን ተዘፈነ፣ ብዙ የበላው አቶ ሉበን የጎመን ንጉሥ ተብሎ ተሾመ። ሄኒንግ ሹካውን አስቀመጠ። በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ወዲያኛው ጫፍ ኢምከ ቀስ ብላ ትበላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጨርሶ እሷ ገና ግማሽ ላይ ናት። ስንት እሑድ አብሯት ሻይ ጠጥቷል፤ ሻይዋ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝባት እሱን ስታይ ይመስለው ነበር። ሳያያት የወደዳት መሆኑ አንገበገበው።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩና ኮሚቴው ፊት ቆመ።

“የመስከረሙ ልኬት ይሰረዝ” አለ። “የተለካችው ሠራተኛ በጣም ትጣደፍ ነበር። እኔ የዘወትር አካሄድ ብዬ ጻፍኩ።”

“እርስዎ እንዲህ ያለ ስህተት?” አሉት ዳይሬክተሩ። “እንዴት አላዩትም?”

“ፈጽሞ መለካት የማይገባኝን ሰው ስለለካሁ ነው። እወዳታለሁ። አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም።”

ለወትሮው ምላሷ የማይያዘው ዶርተ እንኳ ጠረጴዛውን ታይ ጀመር። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ፣ ምሳ ሳይደርስም አባቱ ፋርማሲ ገባ። እናቱ ማታ “የመጋዘን ሠራተኛ?” አሉት። “አዎ” አላቸው። በመስከረም ያን ያህል የፈራው ቃል ይህ ብቻ ነበር። ሲወጣ ምንም አልከበደውም፤ ያን ጊዜ ባለማውጣቱ ግን አለቀሰ።

ኮታው ተነሳ። ሄኒንግን ወደ ሐምቡርግ መለሱት፤ ሰው ወደማይለካበት ቢሮ። ሴቶቹ “አንድ ኢምከ” ማለታቸውን ቀስ በቀስ ተዉ። ቴዳን ወደ መሳቢያዎቿ እንድትመለስ ጠየቋት፤ እሷ ግን ዳሌዋ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ጨርሶ አልቆ ጡረታዋን ጠይቃ ነበር። የተሰረዘው ወረቀት እግሯን አልመለሰላትም።

ቴዳ ዕቃዋን ስትሰበስብ ኢምከ ሣጥኑን ይዛላት ቆመች።

“ዛሬ ይሄዳል” አለቻት ቴዳ።

“ሰምቻለሁ።”

“ለእኔ ብለሽ እንዳትጠይው። እኔ አልጠላሁትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እወዳታለሁ ብሏል፤ የእኔ ባል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእኔ ብቻ እንኳ ብሎኝ አያውቅም።”

“አንቱ አልኩት እኮ” አለች ኢምከ። “ደብዳቤዎቹን መለስኩለት። አሁን ምን ብዬ ልጥራው?”

“አትጥሪው። ቀስ ብለሽ ሄደሽ እንዲደርስብሽ አድርጊ።”

ከሥራ መውጫ ላይ ሄኒንግ ቦርሳውን ይዞ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ኢምከ መጣች። ሌሎቹ ሴቶች አውቀው ፈጠን ፈጠን ብለው አለፏቸው።

“ይቅርታ” አላት። ከዚያ በላይ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። አንቺ ሊላት አልደፈረም፣ አንቱ ሊላትም አልቻለም። “ጥድፊያውን ማየት ነበረብኝ።”

“ማየት ነበረብህ” አለችው።

አንተ ብላው ነበር። ሄኒንግ ግን ወቀሳውን ብቻ ሰማ።

“መልካም ጉዞ” አለች ኢምከ፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አመራች። ያን ቀን ብስክሌቷን ቤት ትታው የመጣችው አውቃ ነው። ከመጋዘኑ በር እስከ ማቆሚያው መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፤ የሚሄድ ሰው እስከ መጨረሻው ይታያል።

ኢምከ ቀስ አለች። ከዘወትሯም ቀስ አለች። ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረች። አንዲት ኩሬ ጋ ቆማ በዙሪያዋ ዞረች፤ መዝለል ትችል ነበር። ጆሮዋ ኋላዋ ነው። “አሁን ኮቴው ይሰማል” ትላለች፤ ትንሽ ትሄዳለች፤ “አሁን” ትላለች። ዞር ማለት ፈለገች፤ ዞር ብላ ባታገኘውስ ብላ ፈራች።

ሄኒንግ በሩ ጋ ቆሞ ያያታል። ቦርሳውን አንዴ አንስቶ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዶም ነበር። ከዚያ አካሄዷን አየና ቆመ። “ይኸው፣ የራሷ አካሄድ ይህ ነው” አለ በልቡ። ማንም ሳይለካት፣ ማንም ሳያስቸኩላት፣ ለራሷ ስትሄድ እንዲህ ናት። ከኋላዋ ቢመጣ እንደገና ያስሮጣታል፤ ያን እሷ ላይ ሁለተኛ ላያደርገው ለራሱ ቃል ገብቷል። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ስታምር ልቡ ተሰበረ።

አውቶቡሱ ደረሰ። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፤ ኢምከን በረዶ በሆነ ቁጥር ለዓመታት አመላልሷታል፣ እሷን መጠበቅ ለምዷል። በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ቆይቶ ሞተሩን አጠፋ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ስትወጣ በመስታወቱ አያት።

“ኢምከ፣ ለአንቺም እንኳ ይሄ በዛ” አላት። “ምን ነካሽ ዛሬ?”

“የሚመጣ ሰው ያለ መስሎኝ ነው” አለች፤ ሄዳ መስኮት የሌለበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።